ኪቲ ዌልስ እና «ሴት አታሸጥም» የተባለው ገበያ

ክቡራትና ክቡራን፣

ብዙዎቻችን የአሜሪካን የካንትሪ ሙዚቃ ያወቅነው በጂም ሪቭስ፣ በኬኒ ሮጀርስ እና በዶሊ ፓርተን ዘፈኖች ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዷ ሴት መሆኗ ዛሬ ለማንም አያስገርምም። ዶሊ ፓርተን ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ1952፣ በናሽቪል ከተማ የሙዚቃውን ንግድ የያዙት ሰዎች ግን ሴት ብቻዋን ዘፍና ሸክላ ልታሸጥ አትችልም ብለው በእርግጠኝነት ያምኑ ነበር። ዛሬ የምናገረው በዚያው ዓመት ይህን እምነት በአንድ ዘፈን ስላፈረሰችው ስለ ኪቲ ዌልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የማስረዳውም ነገር ይህ ነው፦ ነጋዴዎቹ «ሕዝቡ ሴት አይወድም» ሲሉ ሕዝቡን ጠይቀው አልነበረም። ሴቷን ከመድረኩ ጥግ አስቀምጠው፣ በሌሎች ዘፈኖች መካከል አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ እንድትዘፍን ፈቅደው፣ ከዚያም ስሟ አለመታወቁን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩ ነበር። የኪቲ ዌልስ የሙዚቃ ሕይወት ይህን አሠራር ከውስጥ ሆነን እንድናየው ያስችለናል፤ ምክንያቱም እሷ ራሷ ታዋቂ ከመሆኗ በፊት በዚያ የመድረክ ጥግ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆማለች።

የትውልድ ስሟ ኤለን ሙሪየል ዲሰን ነው። ኦገስት 30 ቀን 1919 በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ተወለደች። የናሽቪል የሙዚቃ ከዋክብት አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ ዕድላቸውን ፍለጋ የመጡ ሲሆኑ እሷ ግን የከተማዋ ተወላጅ ናት። አባቷ በቴነሲ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ የፍሬን ሠራተኛ ነበር፤ በቤት ውስጥ ጊታር ይጫወታል። እናቷ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ትዘምራለች። ልጅቷ ጊታር መጫወትን በአሥራዎቹ የዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ተማረች። ዘመኑ በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት ስለሆነ ግን ትምህርቷን አቋርጣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረች። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን ቆም ብለን እንድናስበው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኋላ ዘፈኗን ሳንቲም እየከፈሉ የሰሙት ሴቶች ብዙዎቹ እንደዚሁ ፋብሪካ ውለው የሚገቡ፣ የወር ወጪያቸውን በጣታቸው የሚቆጥሩ ሴቶች ነበሩ፤ እሷም ለእነሱ እንግዳ አልነበረችም።

በ1936 ከእህቶቿና ከአጎት ልጅ ዘመዷ ጋር ሆና በናሽቪል በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ መዝፈን ጀመረች። በዚህ ጊዜ የደረሰ አንድ ነገር አለ። ልጃገረዶቹ የካርተር ቤተሰብ የተባለውን ዝነኛ የዘፋኞች ቡድን አንድ የቅናት ዘፈን ሲዘፍኑ፣ የጣቢያው ሰዎች ግጥሙን ለልጃገረዶች የማይገባ ሆኖ ስላገኙት ዘፈኑን መሃል ላይ ከአየር አወረዱት። አድማጮች ግን ቅሬታቸውን ለጣቢያው አሰሙ፤ ጣቢያውም ልጃገረዶቹን ከማባረር ይልቅ የማለዳ ፕሮግራም ሰጣቸው። ልብ በሉ፣ ኃላፊዎቹ «ሴት ይህን ልትል አይገባትም» አሉ፤ አድማጩ ግን «ተዉአት ትጨርስ» አለ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ይኸው ነገር በአገር አቀፍ ደረጃ ተደግሟል።

በ1937 መጨረሻ ላይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ጆኒ ራይትን አገባች። ጆኒ ራይትም ዘፋኝ ነበርና ሚስቱንና እህቱን ሉዊዝን ይዞ በሬዲዮ ይዘፍን ጀመር። ሉዊዝ ደግሞ ጃክ አንግሊን የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ አገባች። ሁለቱ አማቾች ተጣምረው «ጆኒ እና ጃክ» የተባለውን ዝነኛ ጥንድ መሠረቱ። ሙሪየልም ከጥንዱ ባንድ ጋር እየዞረች ትዘፍናለች፣ ልጆች ትወልዳለች፣ ልጆቿን ይዛ ከከተማ ወደ ከተማ ትጓዛለች። የመድረክ ስሟን ያወጣላት ባሏ ነው፤ በ1943 በኖክስቪል ከተማ ሳሉ ከአንድ የቆየ የሕዝብ ዘፈን ወስዶ ኪቲ ዌልስ አላት።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን የሙዚቃ ሥራ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። ባንዱ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በማለዳ ይጫወታል፤ ከጣቢያው የሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥቅም ግን በአየር ላይ «ዛሬ ማታ እገሌ ከተማ በትምህርት ቤት አዳራሽ እንጫወታለን» ብሎ ማስታወቅ መቻሉ ነው። ማታ ተጫውቶ፣ ሌሊቱን ነድቶ፣ ማለዳ ጣቢያው ይደርሳል። አካባቢው ሁሉ ባንዱን ሰምቶ ሲጠግብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ብቻዋን የምትዞር ሴት ስሟ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ሴት ዘፋኝ የምትታየው ከባሏ፣ ከወንድሟ ወይም ከአባቷ ጋር ስትሆን ነው፤ በፕሮግራሙም ውስጥ ቦታዋ የታወቀ ነው፤ መዝሙር ትዘምራለች፣ አንድ የድሮ የፍቅር ዘፈን ትዘፍናለች፣ ከዚያም ለወንዶቹ መድረኩን ትለቃለች።

ከእሷ በፊት ታላላቅ ሴቶች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። በ1927 በብሪስቶል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ያስቀረጸው የካርተር ቤተሰብ ድምፁ የሳራ ካርተር፣ ጊታሩ የሜይቤል ካርተር ነበር። በነገራችን ላይ የዚህን ቤተሰብ የዘፈን ክምችት ከቤተሰቡ አባል ከኤ. ፒ. ካርተር ጋር ተራራ ለተራራ እየዞረ በማሰባሰብ የረዳው፣ ለሜይቤልም የጊታር አጨዋወት ያሳየው ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ መሆኑ ሊነገር ይገባዋል፤ ስሙ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ኖሯልና። በ1935 ደግሞ ፓትሲ ሞንታና የምትባል ሴት የከብት ጠባቂ ፍቅረኛ መሆን እመኛለሁ የሚል ዘፈን አውጥታ እጅግ ተወዳጅ ሆነች፤ ሽያጩም አንድ ሚሊዮን እንዳለፈ ይነገርለታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ነጋዴው እያንዳንዷን እንደ ልዩ አጋጣሚ እያየ አልፏታል። ለአንዱ ዘፈን የሜዳው ሕይወት፣ ለሌላው የቤተሰቡ ስም ምክንያት ይሆናል፤ «ሴት ታሸጣለች» የሚለው መደምደሚያ ብቻ አይደረስበትም።

በ1948 የሉዊዚያና ግዛት ከተማ በሆነችው በሽሪቭፖርት «ሉዊዚያና ሄይራይድ» የተባለ የቅዳሜ ምሽት የሬዲዮ መድረክ ሲከፈት ጆኒ እና ጃክ ኪቲን ይዘው ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች መካከል ሆኑ። ሃንክ ዊሊያምስም በዚያው ዓመት ከዚያው መድረክ ነበር ስሙ የተነሣው። ኪቲ በጣቢያው የራሷም የሸክላ ፕሮግራም ነበራት፤ «የጨርቅ አሻንጉሊት» በሚል ቅጽል ስም ሸክላ እያጫወተች ለቤት እመቤቶች በፖስታ የሚላክ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታሻሽጥ ነበር። ቁርጥራጩ ተሰፍቶ የአልጋ ልብስ የሚሠራበት ነው። እኔ ይህን እንደ ተራ ነገር አላየውም። በየቤቱ ወጥ እየሠራች፣ ልጅ እያጠበች ሬዲዮ የምትሰማው ሴት የምትገዛ መሆኗን፣ ለምን ዓይነት ድምፅ ጆሮዋን እንደምትሰጥ ኪቲ ዌልስ ከናሽቪል ሹማምንት ቀድማ በሥራ አውቃዋለች።

በ1949 እና በ1950 አር ሲ ኤ ቪክተር የተባለው ትልቅ ኩባንያ ጥቂት ሸክላዎች አስቀረጻት። አብዛኞቹ መንፈሳዊ ወይም ተግሣጽ ያለባቸው ዘፈኖች ነበሩ፤ አልተሸጡም። ኩባንያውም አሰናበታት። ወንዶቹ ግን በዚያው ኩባንያ ዘፈናቸው ተወዶላቸው በ1952 መጀመሪያ ወደ ናሽቪል፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ወደተባለው ዝነኛ የካንትሪ ሙዚቃ የሬዲዮ መድረክ ተጠሩ። ኪቲ ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ዘፈኑን ትቶ ልጅ ማሳደጉ ይሻላል ወደሚል ሐሳብም አዘንብላ ነበር።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንምጣ። በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ በ1933 ከተነሣ በኋላ፣ በተለይ በቴክሳስና በአካባቢው፣ ሆንኪ ቶንክ የሚባሉ የመንገድ ዳር መጠጥ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። በእያንዳንዱ ቤት ሳንቲም ሲከተትበት ሸክላ የሚያጫውት ጁክቦክስ ይቀመጣል። በጫጫታ መካከል እንዲሰማ ሙዚቃው ጠንከር ያለ ምት፣ ስቲል ጊታርና ቫዮሊን ያዘ፤ ግጥሙም ስለ መጠጥ፣ ስለ መክዳትና ስለ ፍቺ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካ ገብተው፣ የራሳቸውን ደመወዝ ይዘው፣ እነዚህንም ቤቶች ማዘውተር ጀምረው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ተባሉ። ከዚህ በኋላ በወንዶቹ ዘፈን ውስጥ አንዲት ሴት በተደጋጋሚ ትመጣለች፤ ትዳሯን ትታ መብራትና ወይን ወዳለበት የሄደች፣ ወንዱን ያሳዘነች ሴት። እሷ ራሷ ግን አትናገርም።

በ1952 ሃንክ ቶምፕሰን የዘፈነው የዚህ ዓይነት ዘፈን ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት የተወዳጅ ዘፈኖችን ደረጃ በሚያወጣበት የካንትሪ ሰንጠረዥ ለአሥራ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የዘፈኑ ወንድ ጥላው ወደ መጠጥ ቤት ስለተመለሰች ሴት ሲያማርር፣ እንዲህ ዓይነቷን የመጠጥ ቤት መልአክ እግዚአብሔር መፍጠሩን አላውቅም ነበር ይላል። በሉዊዚያና ክራውሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የራሱ አነስተኛ የሸክላ ድርጅት የነበረው ጄ. ዲ. ሚለር ይህን ሰምቶ መልስ ጻፈ፦ የመጠጥ ቤቱን መልአክ የፈጠረው እግዚአብሔር አልነበረም የሚል። መጀመሪያ ሌላ ሴት አስቀረጸበት፤ ከዚያ ግጥሙ ወደ ናሽቪል ተሻግሮ የዴካ ኩባንያ ኃላፊ ወደነበረው ወደ ፖል ኮኸን ደረሰ። ኮኸንም ለኪቲ ዌልስ አቀረበላት።

እሷ በዘፈኑ አልተደነቀችም። ሌላ ተራ ዘፈን መስሎ እንደታያትና ለቀረጻው የሚከፈለውን 125 ዶላር አስባ እንደተስማማች ኋላ ደጋግማ ተናግራለች። ይህን ንግግሯን እንደ ማቃለያ የሚጠቅሱ አሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ሸክላዋ አልሸጥ ብሏት ከኩባንያ የተሰናበተች የሙያ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ የሚገባትን ክፍያ ማሰቧ የሚያስከብራት እንጂ የሚያሳንሳት አይደለም።

ሜይ 3 ቀን 1952 ዘፈኑ ተቀረጸ። ያጀቧት የባሏ ባንድ አባላት ነበሩ። ዜማው አዲስ አልነበረም፤ የሃንክ ቶምፕሰንም ዘፈን የሚሄደው በዚሁ ዜማ ነው፤ ከዚያም ቀደም ብሎ የካርተር ቤተሰብ የፍቅር ዘፈን፣ የዘመኑ ስመ ጥር የካንትሪ ዘፋኝ የሮይ አከፍም ዝነኛ መንፈሳዊ ዘፈን ነበር። ይህ የዘፈኑ ትልቁ ኃይል ነው ብዬ አምናለሁ። የደቡቡ አድማጭ ይህን ዜማ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ያውቀዋል። ወንዱ ሴቲቱን የከሰሰበት፣ ሴቲቱም የመለሰችለት በጋራ በሚያውቁት ዜማ ነው፤ ማንም «ይህ ከውጭ የመጣ ነው» ሊል አይችልም።

ግጥሙን ቀረብ ብለን እንየው። የምትናገረው ሴት በመጠጥ ቤት ተቀምጣለች፤ ጁክቦክሱ ያንን የወንዱን ዘፈን ይጫወታል። ማለትም ዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት በዚያች ሰዓት የምትሰማው እኛ አድማጮች ባለፉት ወራት የሰማነውን ያንኑ ክስ ነው። የሰማችው ቃል የቀድሞ ኑሮዋን፣ ባሏን ታምን የነበረችበትን ዘመን ያስታውሳታል። ቀጥላ ሁሉ ጥፋት በሴት ላይ መለጠፉ እንደሚያሳዝናት ትናገራለች። ከዚያም ክሱን ትመልሳለች፦ ሚስት እያላቸው ወንደላጤ ነን ብለው የሚያስቡ ወንዶች ብዙዎችን ደህና ሴቶች ለጥፋት ዳርገዋል፤ ከተሰበረች ሴት ልብ በስተጀርባ ሁልጊዜ ወንድ አለ። ንጹሕ ነኝ አትልም። በመጠጥ ቤት መቀመጧንም አትክድም። የምትለው እዚህ ያደረሰኝን መንገድ ብቻዬን አልሄድኩበትም ነው። እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ የከሰሳትን ወንድ፣ ሥራህን በእግዚአብሔር አታላክ ማለቷ በመጽሐፍ ቅዱስ ላደገ ሕዝብ እጅግ ከባድ ቃል ነበር።

ይህን ቃል የምትናገርበት ድምፅ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ኪቲ ዌልስ አትጮኽም፣ አትማጸንም፣ ድምጿን አታሽሞነሙንም። ጥቂት በአፍንጫ በኩል የሚያልፍ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በስንኙ መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ የመዝሙር ቤት ድምፅ ነው። ያንኑ ግጥም በቁጣ የምትዘፍን ሴት ብትኖር አድማጩ ስለ ቁጣዋ ይነጋገር ነበር፤ ኪቲ ግን እንደ ምስክር ቃሏን ሰጥታ ዝም ትላለች። በመድረክ ላይም የምትለብሰው ጥቃቅን አራት ማዕዘን ጥለት ያለውን፣ እጅጌው ረጅም፣ ቀሚሱ ሰፊ የሆነውን የገጠር ሴት የጥጥ ልብስ ነበር። ለዓመታት በአንድ ትዳር የኖረች፣ ልጆቿን ይዛ የምትዞር ትሑት ሴት መሆኗን ሁሉም ያያል። ስለዚህ «ይህችማ የመጠጥ ቤት ሴት ናት» ብሎ ቃሏን ማጣጣል አልተቻለም። ዘፈኑን ደፋር የምትባል ሴት ብትዘፍነው ኖሮ በቀላሉ ይታፈን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያሳለፈው የእሷ ጨዋነት ነው። ይህ በእርግጥ የዘመኑን ፍርድ ኢ-ፍትሐዊነት ያሳያል፤ ወንዱ ዘፋኝ ጨዋነቱን እንዲያስመሰክር ማንም አልጠየቀውም።

ለማፈን ግን ተሞክሯል። ኤን ቢ ሲ የተባለው የሬዲዮ አውታር ዘፈኑ ነውር አለበት ብሎ ከለከለው። የግራንድ ኦል ኦፕሪ ፕሮግራም የተወሰነው ክፍል በዚሁ አውታር በአገር አቀፍ ደረጃ ይተላለፍ ነበርና ኦፕሪም በመጀመሪያ እንዳትዘፍነው አደረገ። የሃንክ ቶምፕሰንን ዘፈን ግን የከለከለ አልነበረም። ሴቲቱን መጠጥ ቤት ያስቀመጣት የእሱ ዘፈን ሆኖ ሳለ ነውር የተባለው የሴቲቱ መልስ ነው። የአድማጩ ፈቃድ ግን እንደ 1936ቱ ከኃላፊዎቹ በረታ። የሃንክ ዊሊያምስ ሚስት ኦድሪ ከአላባማ ስትመለስ ዘፈኑን በየጣቢያው መስማቷን ነግራት እንደነበር፣ እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ዘፈኑ እንደተወደደ እንኳ በደንብ እንዳላወቀች ኪቲ ዌልስ ተናግራለች። በኦገስት 1952 ዘፈኑ የቢልቦርድን የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ያዘ፤ ለስድስት ሳምንትም አለቀቀም። ያ ሰንጠረዥ በ1944 ከተጀመረ ወዲህ ብቻዋን የዘፈነች ሴት አንደኛ ስትሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት በ1949 ማርጋሬት ዋይቲንግ አንደኛ ሆና ነበር፤ እሷ ግን ከጂሚ ዌክሊ ጋር በጥምረት ዘፍና ነው። ኪቲ በዚያው በ1952 የኦፕሪ አባል ሆነች።

ሮይ አከፍ በዚያን ጊዜ ለጆኒ ራይት የሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፦ ሴትን የመድረክህ ዋና ስም አታድርጋት፣ ሕዝቡ አይቀበላትም ብሎት ነበር። አከፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያምነውን ነው የተናገረው። ጆኒ ራይት ምክሩን አልተቀበለም፤ የሚስቱን ስም ከራሱ ስም በላይ በማስታወቂያው ላይ አወጣ። ባልየው ለሠላሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ የደረሰ፣ የራሱ ስም የገነነ ዘፋኝ እንደነበር እናስታውስ። በዚያ ዘመን በዚያ ሙያ ይህን ያደረገ ባል ብዙ አይገኝም።

ገበያው ምን አደረገ? ኩባንያዎቹ ወዲያው የየራሳቸውን ሴት ፍለጋ ገቡ። ዴካ ጎልዲ ሂልን በሌላ የመልስ ዘፈን አስወጣ፤ በ1953 አንደኛ ሆነች። ካፒቶል ኩባንያ ጂን ሼፐርድን ከፈርሊን ሃስኪ ጋር አጣመረ፤ እነሱም በዚያው ዓመት አንደኛ ሆኑ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ጠባዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው ቀርቦለት የሚሰማው ነገር ነው።

የኪቲ የራሷ ሥራ ለረጅም ጊዜ በመልስ ዘፈን መንገድ ሄዷል። በ1953 የዌብ ፒርስን የድብቅ ፍቅር ዘፈን መለሰችለት፤ በ1957 ደግሞ ለቦቢ ሄልምስ ዘፈን መልስ ሰጠች። ይህን ጥገኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ ወንዱ ሳይናገር ሴቲቱ መናገር አልቻለችም ማለት ነው ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ግጥሞቹንም አብዛኞቹን የጻፉት ወንዶች ናቸው። ይሁንና ከ1954 በኋላ ያሉትን ሥራዎቿን ለሚሰማ ሰው ነቀፌታው ወዲያው ይሳሳል። በ1954 ከሬድ ፎሊ ጋር የዘፈነችው አንደኛ ሆነ። በ1955 የጂሚ ወርክን «ሜኪን ቢሊቭ» ዘፈነች፤ አሁንም የምትወደኝ እያስመሰልኩ እኖራለሁ የሚል፣ ለማንም መልስ ያልሆነ፣ ብቸኝነትን በራሱ የሚናገር ዘፈን ነው። ለሳምንታት ሁለተኛ ሆኖ ቆየ። እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ድምጿ ምንም ሳትጨምርበት እንዲህ ያለ ሐዘን መሸከሙ ዛሬም ይገርመኛል። በ1959 ባወጣችው ሌላ ዘፈን ደግሞ ከባሏ የተለየች እናት ልጇን ለአንድ ቀን ብቻ እንድታይ ተፈቅዶላት እናገኛለን፤ በ1962 በወጣው ላይ የተፈታች ሚስት ባሏን ጠበቃህ እግዚአብሔርንም ሊያነጋግርልህ ነውን ስትል ትጠይቀዋለች። ፍቺ በአሜሪካ ቤቶች ሁሉ በሹክሹክታ በሚነገርበት ጊዜ እነዚህ ጉዳዮች በየጁክቦክሱ ይጮኹ ነበር።

በ1956 የወጣው የረጅም ሸክላ አልበሟ ለካንትሪ ሴት ዘፋኝ የመጀመሪያው እንደሆነ ይቆጠራል። በ1959 ዴካ የዕድሜ ልክ ውል ሰጣት። በ1961 «ሃርትብሬክ ዩ ኤስ ኤ» በሚለው የሃርላን ሃዋርድ ዘፈን እንደገና አንደኛ ሆነች። ከ1950ዎቹ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ የሙያው መጽሔቶች በሚያወጡት ምርጫ ከሴት ዘፋኞች ቀዳሚውን ቦታ የሚይዝ ስም በአብዛኛው የእሷ ነበር፤ «የካንትሪ ሙዚቃ ንግሥት» የሚለውም ስም በዚህ ጊዜ ጸናላት።

ከእሷ ሸክላዎች ጀርባ ያለውን የኦወን ብራድሊን ስም ማንሳት ግድ ነው። በዴካ የኪቲን ቀረጻዎች ይመራ የነበረው ይህ ሰው ኋላ የፓትሲ ክላይንን፣ ቀጥሎም የሎሬታ ሊንን ሥራዎች አዘጋጅቷል። ፓትሲ ክላይን በቫዮሊንና በኅብረ ዝማሬ የታጀበ ለስላሳ ድምፅ ይዛ ከተማውን ገባች፤ ሎሬታ ሊን ደግሞ ኪቲ ዌልስን እየሰማች አድጋ፣ ኪቲ በሌላ ሰው ግጥም የጀመረችውን ንግግር በገዛ ራሷ ብዕር ቀጠለችው። ሎሬታ በሬዲዮ ጣቢያዎች በተከለከለች ቁጥር ሸክላዋ ይበልጥ ሲሸጥ፣ ነጋዴዎቹ የ1952ን ታሪክ ያስታውሱ እንደነበር አልጠራጠርም።

ማርች 5 ቀን 1963 ፓትሲ ክላይን በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ከሁለት ቀን በኋላ ጃክ አንግሊን ለእሷ ወደሚደረገው የጸሎት ሥነ ሥርዓት ሲሄድ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ለኪቲ ሐዘኑ የሙያ ባልደረባ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ጃክ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ አብሯት የዞረ፣ በዚያ በ1952 ቀረጻም አብሮ የነበረ የባሏ እህት ባል ነው። ጆኒ ራይት ብቻውን ቀጥሎ በ1965 አንድ የራሱ ዘፈን አንደኛ ወጣለት።

የ1960ዎቹ ማብቂያና የ1970ዎቹ ዓመታት በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። ሰንጠረዡ ለሌሎች ተለቀቀ፤ በ1969 ከባሏና ከልጆቿ ጋር የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቀረበች፤ በ1974 የደቡብ ሮክ ሙዚቀኞች መናኸሪያ በሆነው በካፕሪኮርን ኩባንያ አንድ አልበም አወጣች። ከሁሉ በላይ ግን ጉዞውን አላቆመችም። ከባሏ ጋር በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ቀጠሉ፤ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ቆመው ከአድማጮቻቸው ጋር መነጋገርና መፈረም የሥራው አካል ነበር። የመጨረሻውን መድረክ የሠሩት በናሽቪል ዲሴምበር 31 ቀን 2000 ነው።

ክብሩም መጣ። በ1976 ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ገባች። በ1991 የግራሚ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሲሰጣት ከካንትሪ ሴት ዘፋኞች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ከእሷ በፊት ይህን ክብር ከካንትሪ ያገኙት ሃንክ ዊሊያምስና ያ «ሴትን ዋና አታድርግ» ብሎ የመከረው ሮይ አከፍ ብቻ ናቸው። በ1988 ኬ. ዲ. ላንግ የተባለችው ካናዳዊት ዘፋኝ ከኦወን ብራድሊ ጋር ባዘጋጀችው አልበም ላይ ኪቲን ከሎሬታ ሊንና ከብሬንዳ ሊ ጋር ጋበዘቻት። በ1993 ደግሞ ዶሊ ፓርተን፣ ሎሬታ ሊንና ታሚ ዋይኔት አብረው አልበም ሲያወጡ ያንን የ1952 ዘፈን ኪቲን መሃል አድርገው ዘፈኑት። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በአገር ቅርስነት ከሚጠብቃቸው ቀረጻዎች መዝገብ ውስጥም ዘፈኑ ገብቷል። ጆኒ ራይት በ2011 በዘጠና ሰባት ዓመቱ፣ ኪቲ ዌልስም ጁላይ 16 ቀን 2012 በዘጠና ሁለት ዓመቷ ማዲሰን በተባለው የናሽቪል ክፍል አረፉ። በትዳር ከሰባ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ናሽቪል ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በመርፍሪስቦሮ ጎዳና የሀገራችን ምግብ ቤቶችና ሱቆች እንዳሉ ከእናንተም ብዙዎች ታውቃላችሁ። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሹን ግቡና በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የነሐስ ምስሎች መካከል የእሷን ፈልጉ።

አሁን ሁለቱን ዘፈኖች በወጡበት ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ የሃንክ ቶምፕሰንን፣ ቀጥሎ የኪቲ ዌልስን፣ አሰማችኋለሁ። ዜማው አንድ መሆኑን በመጀመሪያው ስንኝ ትለያላችሁ። ከዚያ በኋላ ትኩረታችሁን በእሷ አተነፋፈስ ላይ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ፤ ወንዱ ቃሉን እያስረዘመ ከሚያዝንበት ቦታ እሷ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ሁለቱን ከሰማን በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።